ለሦስት መቶዎቹ ያለቀስንበት ክረምት

ዳንግላ ላይ ለጥንት ግሪኮች ለቅሶ ተቀምጠናል ብል ማን ያምነኛል? የልጅ ልጆቼ እንኳ ሲሰሙኝ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እኔም ብዙ ዘመን ስቄበታለሁ። ፈረስ ተጭኖ፣ አስለቃሽ ተጠርታ፣ ክርስቶስ ገና ሳይወለድ አፈር ለለበሱ ሦስት መቶ ሰዎች ደረታችንን ደቃን። የለቅሶው መነሻ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የቢሻው ልጅ ሸጋ።

ነገሩ የሆነው በአርባ ዘጠኙ ክረምት ነው። ከገበያው ወረድ ብሎ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነበር። ባለቤቱ ግሪክ ነው፤ ሙሴ ያኒ እንለዋለን። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ቅንድቡና ጢሙ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ ሰው። ግራ እግሩን ይጎትታል። አማርኛውን የተማረው ከገበያ ስለሆነ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ይላል። የመጣ ሰሞን አባቴን፣ ያንን ባለ ጎፈሬ ፈረሰኛ፣ በሰው ፊት «አንቺ ቢሻው፣ ዳጉሳሽ ተፈጭቷል፣ ነይ ውሰጂ!» ብሎ ጠራው። ሰው ሁሉ ዛሬ ጉድ ፈላ ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። አባቴ ግን ስልቻው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

«እናቴ እንኳ እንዲህ አቆላምጣኝ አታውቅም» አለ። ከዚያ ወዲያ የማይለያዩ ወዳጆች ሆኑ።

ወዳጅነታቸውን ያጠበቀው ደግሞ ጣሊያን ነው። አባቴ በአምስቱ ዓመት አርበኛ ነበር፤ ሙሴ ያኒም በዚያው ዘመን በአገሩ ተራራ ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋግቷል። አባቴ ጠላ ሲቀምስ ክንዱን ትከሻው ላይ ጥሎ «አንተ በዚያ ስትወግረው እኔ በዚህ ስወግረው፣ ጣሊያን መሀላችን ገብቶ ተፈጨ!» ይለዋል። ሙሴ ያኒ በአፉ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ትሕትና መሰለኝ። እውነተኛ ጀግና አይኩራራም አልኩ በልቤ። እግሩንም ጦር የወጋው ይመስለኝ ነበር። ጣቶቹን በረዶ እንደበላቸው የሰማሁት አድጌ ነው።

የኔ አባት ግን ይኩራራ ነበር፤ ደግሞም ያምርበታል። ጥር ሃያ ሦስት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ ዳማ ፈረሱን እየጋለበ መሀል ሜዳ ይገባና እንዲህ ይፎክራል፦

«ዘራፍ አባ መብረቅ! አየነው ሲወድቅ፣
ከራሱ ላይ ቆሜ ሳልሸሽ ሳልርቅ!»

አየነው የእናቴ ወንድም ነው፤ ዱራ ወንዝ ዳር ጣሊያን የገደለው። እናቴ የሻረግ ያቺን ስንኝ ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች። ኀዘኗ ተቀሰቀሰ እል ነበር።

እንግዲህ ወደ ወፍጮ ቤቱ ልመልሳችሁ። ክረምት ላይ ወረፋው ረጅም ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሞተሩ ሲንደቀደቅ፣ ሴቶችና ልጆች በየስልቻችን ላይ ተቀምጠን ሙሴ ያኒን «ተረት! ተረት!» እንለዋለን። እሱ ግን ተረት አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ጦርነት ነው፤ እሱኑ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ ይነግረናል።

«አባቶቻችን ፍል ውሃ በር ላይ ቆሙ!» ይላል። «በዚህ ተራራ፣ በዚህ ባሕር። መሀሉ ጠባብ። አንድ ጋሪ ብቻ ታሳልፋለች።»

«ባሕሩ ዘንገናን ያህላል?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን። እኔ ከዘንገና ሐይቅ የሚበልጥ ውሃ አይቼ አላውቅም።

«ዘንገና ለሱ ጠብታ እንባ ናት» አለኝ።

የፋርስ ንጉሥ ሠራዊት መጣ። ሲሰፍር ሜዳው ጠፋ፤ ሲጠጣ ወንዙ ጎደለ። በበሩ ላይ የቆሙት ግሪኮች ጥቂት ናቸው፤ የነዚያም አለኝታ ሦስት መቶዎቹ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ የነሐስ ጋሻቸው ዓይን ያጠፋል። ከውጊያው በፊት ተቀምጠው ጠጉራቸውን ያበጥሩ ነበር ሲለን እኛ ሴቶች ልጆች ሳቅን። አባቴ ያን ቀን ዳጉሳ ሊያስፈጭ መጥቶ በር ላይ ተደግፎ ነበርና ተቆጣ።

«ምን ያስቃችኋል? ጎፈሬውን ሳያበጥር የሚሞት ጀግና አለ እንዴ?»

ሙሴ ያኒ ጋሻ እንዴት እንደሚያዝ ሊያሳየን ሲል ሴቶቹን ከነሰፌዳቸው አሰለፋቸው። ሰፌዱን በግራ ክንዳቸው አስያዛቸውና ትከሻ ለትከሻ ገጠማቸው።

«ጋሻ ግማሹ ላንተ ነው፤ ግማሹ በግራሽ ለቆመው ነው። አንቺ ከሸሸህ እሱ ይሞታል!»

«ኧረ እኔንስ በሙሉው ሰፌድም አትሸፍነኝም» አለች ጎረቤታችን ማናለብሽ፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሴት ነበረች። ወፍጮ አንቀሳቃሹ እንየው ጆንያ ራሱ ላይ ጠምጥሞ የፋርስን ንጉሥ ሆነና ከእህሉ ክምር ላይ «ማርኩ!» ብሎ ወረደ። ማናለብሽ በሰፌዷ አናቱን አለችው። ዱቄቱ ቦነነ፤ ሙሴ ያኒ ከሳቁ የተነሳ እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

ከዚያ ግን ጨዋታው ያበቃል። የተራራውን ስርቻ መንገድ ለፋርሶች ያሳየ አንድ ሰው ነበር።

«ባንዳ!» እንላለን ሁላችን ባንድ አፍ።

«ባንዳ» ይላል እሱም። «ከኋላ መጡባቸው። ጦር ተሰበረ፣ ሰይፍ ያዙ። ሰይፍ ተሰበረ፣ በእጅ። በጥርስ። ንጉሣቸው ወደቀ፤ ሬሳውን ላለማስነካት በላዩ ላይ ተደራርበው አለቁ።»

«ሁሉም?»

«አንዱ ተመለሰ።»

የዚያን ሰው ነገር ስንሰማ ነው ፊታችን የሚጠቁረው። አገሩ ሲገባ ማንም አላናገረውም። በብርድ ቀን እሳት ቢለምን ማንም እሳት አልሰጠውም። ይህ ለእናንተ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ በክብሪት ዘመን ነው የተወለዳችሁት። እኛ ዘንድ ምድጃ ሲጠፋ ልጅ ገል ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ የተጣላሽው ሰው እንኳ ፍም አይነፍግሽም። እሳት መከልከል ማለት አንተ ከሰው አትቆጠርም ማለት ነው። ስለዚህ ያንን የተመለሰውን ሰውዬ ጠላነው። በጨዋታ የተሸነፈ ልጅ ስሙ «የተመለሰው» ሆነ።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ዳንግላ ላይ በረዶ ይጥላል፤ የዚያን ቀን ግን ምድሩ ሁሉ ጨው የተሰጣበት መሰለ። ሙሴ ያኒ በሩ ላይ ቆሞ ያንን ነጭ ሲያይ ቆየ። ከብርዱ የተነሳ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ተኮራምቷል፤ ከአጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። እጅጌውን ሳብኩና «ፍል ውሃ በርን ንገረን» አልኩት።

ዞሮ አላየኝም። «ተራራው ነጭ ነበር» አለ።

«ባሕሩስ?»

«ባሕር የለም። ነጭ ብቻ። ወንድሜ ስፒሮ እዚያ ቀረ። የቀበረው የለም።»

ሞተሩ ይጮሃል፤ ከኔ በቀር የሰማው የለም። ጉንጩ ረጥቧል። እኔ እንግዲህ ምን ላስብ? «አባቶቻችን» ሲል የኖረ ሰው ነው። ወንድሙ ከሦስት መቶዎቹ አንዱ ኖሯል፣ ሰውየው ዛሬ መርዶ ሰምቷል፣ ብዬ ዱቄቱን ሳልሸከም ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ ነገሬን ሰምታ ስትጨርስ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ሳይቀበር? ከሦስት መቶ ሰው ጋር?»

«ጠላት ከኋላ መጣባቸው። ባንዳ መርቶ።»

«ሰምተዋል አንቱ?» አለችው አባቴን። «እህላችንን ሲፈጭልን የኖረ ሰው መርዶውን ለብቻው ዋጠ! ዘመድ የለው፣ እናት የለው። እኛ ምኑ ነን?»

«ሦስት መቶ ሰው ባንድ ቀን?» አለ አባቴ።

«ማይጨው ስንት ነበር?»

አባቴ ተነሳና «ነገ ጧት ዳማውን ጫኑልኝ» አለ።

በአገራችን ሙት በሥራው ነው የሚለቀሰው። አስለቃሽ ዝም ብላ አፏን አትከፍትም፤ ምን ሠራ፣ ከማን ጋር ዋለ፣ እንዴት ወደቀ ብላ ቤተ ዘመዱን ትጠይቃለች፤ የሰማችውን በግጥም ታወጣዋለች። እትዬ ወርቅነሽ የሚሏት አስለቃሽ በማግስቱ ጧት እቤታችን መጣች። የሟቹን ነገር የሚያውቅ ዘመድ ማን ነው ስትል እኔን አቀረቡኝ። ከፊቷ ተቀምጬ ጋሻውን፣ ነሐሱን፣ ጎፈሬውን፣ ባንዳውን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«ይህ ሰውዬስ አብሮ ነበር?» አለችኝ።

«ነበር እንጂ። እግሩን የተወጋ እዚያ ነው።»

«ወንድሙን ጥሎ አልመጣም?»

«ኧረ እሱ ጀግና ነው» አልኩ፤ አባቴን ፈርቼ ሳይሆን እውነት ነው ብዬ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ሴቶቹ በሩ ላይ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብለው ሲጮሁ ሙሴ ያኒ ዱቄቱን ከእጁ እያራገፈ ወጣ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

እናቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ስፒሮን! ስፒሮን የኔ ወንድም!»

ያን ስም ሲሰማ እንደ ግንድ ደረቀ። እንየው ገብቶ ሞተሩን አጠፋው። ወፍጮው ጸጥ ሲል እዚያ ግቢ ውስጥ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ዳማው ባዶ ኮርቻውን ተሸክሞ፣ ያያቴ ጋሻ ከኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሰው መሀል ይሽከረከራል። እትዬ ወርቅነሽ ጀመረች፦

«ከፍል ውሃው በር ላይ ቆመህ የቀረኸው፣
ጀርባህን ማን አየው፣ ፊትህ ነው የሞተው።»

ሴቱ አነባ። ማናለብሽ እንኳ፣ ያቺ ቀልደኛ፣ ደረቷን ስትመታ ይሰማል። ከዚያ እትዬ ወርቅነሽ ወደ ሙሴ ያኒ ዞረች፦

«ስፒሮ ቢወድቅ ያኒም አልሸሸም፣
ያንድ እናት ልጅ ሆኖ ጥሎት አይመጣም።»

ሙሴ ያኒ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

የትምህርት ቤቱ መምህር ጃንጥላውን ይዞ መጥቶ ነበርና ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ አለ። «አያ ቢሻው፣ ይህ ጦርነት እኮ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሆነ ነው።»

አባቴ ጭቃው ላይ የተቀመጠውን ሰው አየ። «ታዲያ ሰውየው ዛሬ አይደለም እንዴ የሚያለቅሰው?» አለው። መምህሩም ጃንጥላውን አጥፎ ከሰው ጋር ተቀመጠ።

በመጨረሻ አባቴ ጦሩን ነቅሎ ተነሳ። የራሱን ፉከራ ፎከረ፤ ከዚያ ወዳጁን አከለበት። «ያኒ ወንድሜ! እንደኔው! ከወንድሙ ራስ ላይ የቆመ!» እያለ ከፊቱ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደ። ሙሴ ያኒ ባርኔጣውን ከፊቱ አላነሳም። እኔ ደስ ብሎኛል። አገሩ ሆኖ ቢሆን ከዚህ የበለጠ ማን ያለቅስለት ነበር? ዛሬ ሳስበው ግን ያ ሁሉ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ፍቅር፣ አንድን ሰው ሲቀጠቅጥ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሴ ያኒ ቤታችን መጣ። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የኮርቻ ጠፍር ይሰፋል፤ እኔ ባቄላ እፈለፍላለሁ፤ እናቴ ጓዳ ናት።

«ቤት ለእንግዳ፣ ግባ እንጂ» አለው አባቴ።

አልገባም። «ቢሻው» አለ። «ያ የተመለሰው እኔ ነኝ።»

የዚያን ቀን አንቺና አንተ አላምታታም። ቀስ እያለ ነው የሚናገረው፤ መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣ ይመስላል።

«በረዶ ነበር። ስፒሮ መራመድ አቃተው። ‘ያኒ፣ ቆየኝ’ አለኝ። አልቆየሁም። ሲጠራኝ ይሰማኛል። አሁንም ይሰማኛል። ወፍጮ የምወድ መስሎሃል? ሞተሩ ሲጮህ ነው የማይሰማኝ።»

አባቴ ወስፌውን ጠፍሩ ላይ እንደሰካ ቀረ።

«ሰው ሁሉ ጀግና አለኝ። አንተም አልከኝ። ለሌላ ሰው አልነግርም፤ አንተ ግን ከወዳጅህ ራስ ላይ የቆምክ ሰው ነህ። አንተ ፍረደኝ።»

የአባቴ አፍ ተከፈተ። ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሙሴ ያኒ ጠበቀ። ዓይኑን ከአባቴ አፍ ላይ አልነቀለም።

«ዝናቡ ሊመጣ ነው ያኒ» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ሳይዘንብብህ ቤትህ ግባ።»

ሙሴ ያኒ ራሱን ነቀነቀ። ባርኔጣውን አደረገና እግሩን እየጎተተ ሄደ።

እኔ ባቄላዬን ትቼ ተገትሬ ቀረሁ። ለካ የሁለት ሺህ ዓመቱ ሰውዬ፣ እሳት የተከለከለው፣ ጎረቤታችን ኖሯል! ልጅ ነኝና እንደዚያ ነው የገባኝ፤ ከፍል ውሃ በር ሸሽቶ፣ ዘመን ሁሉ ሲዞር ኖሮ፣ ዳንግላ የገባ። አባቴም ፈረደበት አልኩ። ሳይሰድብ፣ ሳይጮህ፣ በጨዋ ደንብ አባረረው። ኮራሁበት።

ወዲያው እናቴ ከጓዳ ወጣች። በገል ላይ ፍም ይዛለች፤ አመድ ነስንሳበታለች።

«እንኪ፣ ይህን ለሙሴ ያኒ አድርሺ።»

«እማ! እሱ እኮ የተመለሰው ነው!»

«ሰምቻለሁ» አለች። የምታየው ግን እኔን ሳይሆን አባቴን ነው። ድምፅዋንም ከፍ አደረገችው። «የሻረግ ናት የላከችልህ በይው። የአየነው እህት ናት በይው።»

ገረመኝ፤ እናቴ ራሷን እንዲህ ብላ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ፍሙን አየ፣ እናቴን አየ፣ ፊቱን ወደ ጠፍሩ መለሰ።

ወፍጮ ቤቱ ጭር ብሏል። ሙሴ ያኒ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ገሉን ተቀበለኝ። የተላክሁትን ቃል አደረስኩ።

«አባትሽስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

ፍሙን እፍ አለው፤ ቀላ፣ መልሶ ጠቆረ። «እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለኝ።

ከመስቀል በፊት ወፍጮውን ሸጦ በጭነት መኪና ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ሰው ሁሉ ሊሸኘው ወጣ፤ ማናለብሽ ዶሮ ሰጠችው፤ ባሕር ዳር ገበያው ይሻላል አሉ። አባቴ የዚያን ቀን እርሻ ነበር። በጥር ሃያ ሦስቱ በዓል ዳማውን ጭኖ ከፈረሰኞቹ ጋር ተሰለፈ እንጂ አልፎከረም። «ምነው አባ መብረቅ?» ሲሉት «ጉሮሮዬን ይዞኛል» አለ። በሚቀጥለው ዓመትም ጉሮሮውን ይዞት ነበር። እኔ ግን ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር፦ ፈሪን ጀግና ብሎ በመፎከሩ አፍሮ ነው።

አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ እናቴን ልጠይቅ የመጣሁ ጊዜ ነው የተነገረኝ። ጤፍ እየነፋን ነበር። አባቴ ድሮ እንዴት ያምርበት እንደነበረ አነሳሁና «ያ ግሪክ ነው ፉከራውን ያስጣለው» አልኩ። እናቴ ወንፊቱን አስቀመጠች።

«ወንድሜን ዱራ ዳር ያገኘነው እኛ ሴቶቹ ነን» አለች። «መቀነቱን በገዛ እጁ ጭኑ ላይ አስሮ፣ ከውሃው አፍ እስከ ሾላው ድረስ ተስቧል። ሣሩ ላይ መንገዱ ይታያል። ሰው ከራሱ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ይሳብ ነበር?»

እጄ ላይ ያለው ጤፍ ፈሰሰ።

«ታውቂ ነበር?»

«ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ። ቢሻው እኮ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር፤ መትረየስ ይዘንብበታል። ምን ያድርግ? እኔ ያን ጊዜውኑ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን እኔ አልነግረውም፤ እሱ ይንገረኝ ብዬ እጠብቃለሁ።» ወንፊቱን መልሳ አነሳች። «ያንን ፍም የላክሁት ለሁለቱም ነበር። አንዱ ብቻ ተቀበለኝ።»

ያኔ ነው ያ ከሰዓት በኋላ ተገልብጦ የታየኝ። አባቴ አልፈረደም። «እኔም» የምትል ቃል ጉሮሮው ላይ ነበረች፤ ብትወጣ ሙሴ ያኒ ጆንያው ላይ ይቀመጥ፣ ሞተሩን ያስነሳ፣ ዳንግላ ላይ ያረጅ ነበር። የወረዳው ሁሉ እንባ ያላደረገለትን አንዲት ቃል ታደርግለት ነበር። ለእናቴም እንደዚያው።

እናቴ በስድሳ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ዐረፈች። ጠብቃ ነው የሞተች። ሙት ዓመቷ በወጣ ሳምንት አባቴ ጎፈሬውን አበጠረ፣ ነጭ ጋቢውን ለበሰና «ባሕር ዳር ውሰጂኝ» አለኝ።

«ለምን አያ?»

«ያኒ ዘንድ ጉዳይ አለኝ።»

አውቶቡስ ላይ እስክንደርስ ድረስ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚያጠና ይመስላል። ጠይቀን ጠይቀን የእንጨት መሰንጠቂያ አላቸው ወዳሉን ግቢ ደረስን። አንድ የሥራ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ብቻውን ጣውላ ይደረድራል።

«ሙሴ ያኒ?» አለ። «አገራቸው ገቡ እኮ። ባለፈው ሰኔ ሁሉንም ሸጠው። አይመለሱም።»

አባቴ ቆመ። ጋቢውን አስተካከለ። የምንሄድ መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ልጄ» አለው ጎረምሳውን። «እኔም ተመልሻለሁ።»

«ከየት አባቴ?»

«ከዱራ። አየነውን ውሃ ዳር ጥዬው። ሲጠራኝ እየሰማሁ።»

ልጁ እኔን አየኝ፤ ሰውየው ምን ሆነው ነው በሚል ዓይን። ጣውላውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«እሺ አባቴ» አለ በትሕትና። «ታዲያ ምን ልርዳዎ? የሚያውቋቸው ሰዎች አሉ፤ መልእክት ካለዎ ላድርስልዎ?»

«የለም» አለ አባቴ። «እንዲያው ልንገርህ ብዬ ነው።»

የመልሱ አውቶቡስ ሞልቶ ነበር። ሽበቱን አይተው ሰዎች ከወንበራቸው ተነሱለት። «ግድ የለም፣ ተቀመጡ» አላቸው፤ የጣሪያውን ብረት ጨብጦ እስከ ዳንግላ ድረስ ቆሞ ሄደ።